ድምፁ ደህና ነው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ ዕቃ የማጥብ ሰው ነኝ። ለቅሶ ቤትም ይሁን ክርስትና ቤት፣ አንዱ «የሞተው ሰውዬ በር ቆረቆረ» ብሎ ሲጀምር፣ ሌላዋ «ይሄማ ምን አለው፣ እኛ ሰፈር የሆነውን ብነግራችሁ» ብላ ስትቀበለው፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ ማጠቢያው እሄዳለሁ፣ ብርጭቆ ማጠብ ይሻለኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ሚኒሶታ ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ስንከባከብ ኖሬአለሁ፣ የስንቱን ዓይን የከደንኩት እኔ ነኝ፣ አንዱም ተመልሶ መጥቶ «ኤልሳ፣ እንዴት ሰነበትሽ» ያለኝ የለም። አሁን ይሄን ሳወራችሁ ራሴም እያፈርኩ ነው። ደግሞ ጨለማ የለበትም፣ መቃብር የለበትም፣ የሆነው በነሐሴ፣ ከቀኑ በአስር ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቁምጣ ለብሶ አይስክሬም እየላሰ በሚዞርበት ቀን፣ ሚኒያፖሊስ ያለ አንድ ትልቅ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ ነው። እመኑኝ፣ ጨለማ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፣ ዓይኔ ነው ብዬ እተወው ነበር።

የምንከባከባቸው ሴት እትዬ አስካለ ይባላሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ድሮ የልብስ ስፌት አስተማሪ ነበሩ፣ ሜፕልዉድ ከልጃቸው ከብሩክ ጋር ይኖራሉ። ብሩክ ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርቱ ጋ፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ተርሚናሉ ሰው የሚያመላልስ አውቶቡስ ነው የሚነዳው፣ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ቀን ቀን እናቱ የኔ ናቸው። እኔ ቤቴ ክሪስታል የሚባል ሰፈር ነው፣ በየጠዋቱ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ እደርስላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ሰላም ከማለታቸው በፊት የለበስኩትን ከላይ እስከ ታች አይተው «ይሄን ማን ሰፋው? እጁን አሞት ነበር?» ይሉኛል። እንዲህ ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ።

አንድ ወንድም ነበራቸው፣ ጋሽ መኩሪያ፣ የሁለት ዓመት ታናሻቸው፣ ዴንቨር የሚኖሩ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደዋወላሉ፣ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት፣ ስለ ጎረቤት ቲማቲም፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ደግሞ በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት፣ ሆራ ሐይቅ ላይ፣ የእሁድ ልብሳቸውን እንደለበሱ ስለተገለበጠችባቸው ጀልባ። ማን ነው የገለበጣት የሚለው ክርክር ስልሳ ዓመት ሙሉ አልተፈታም ነበር፣ እሳቸው «አንተ ነህ» ይላሉ፣ ጋሽ መኩሪያ «አንቺ ነሽ» ይላሉ፣ ሳይስማሙ ስልኩ ይዘጋል፣ በሳምንቱ እንደገና ይጀመራል።

በሐምሌ ወር፣ በአንዱ ሰኞ፣ እትዬ አስካለ የሁለተኛው ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈላቸው። በማግስቱ ማክሰኞ ጋሽ መኩሪያ ዴንቨር ውስጥ ምሳቸውን በልተው ጋደም እንዳሉ ልባቸው ቆመ።

ብሩክ ሲደውልልኝ የዓይን ጠብታቸውን አድርጌላቸው እየጨረስኩ ነበር። «ኤልሲ፣ እማዬ አጠገብሽ ናት? ውጪ፣ ባልኮኒው ላይ ውጪ» አለኝ፣ ድምፁ ሌላ ሆኖብኝ ወጣሁ። እሱ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ከዚያ መስመሩ ላይ የጋሽ መኩሪያ ባለቤት እትዬ ዘነበች፣ ሌሎችም ዘመዶች ገቡና ሁሉም እኔን መጠየቅ ጀመሩ።

«አንቺ የሕክምና ሰው ነሽ» አለኝ ብሩክ። «ትናንት ነው ሰርጀሪ ያደረገችው፣ በዚህ ዓይኗ ማልቀስ ትችላለች?»

እውነቱን ልናገር፣ ያለዚያ ይሄን ሁሉ ማውራቴ ትርጉም የለውም። የክሊኒኩ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ እትዬ አስካለ አያነቡትም፣ ብሩክም አላነበበውም፣ ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ። ማጎንበስ ክልክል ነው ይላል፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት ክልክል ነው ይላል፣ ዓይን ማሸት ክልክል ነው ይላል። ስለ ማልቀስ አንድም ቃል የለውም። ግን ይሄን የጻፉት ሰዎች የኛን ለቅሶ የት አይተውት፣ ለነሱ ማልቀስ ማለት መሐረብ ማውጣት ነው፣ ለኛ ማጎንበስ ነው፣ ደረት መምታት ነው፣ ፊት ማሸት ነው። ያንን ሁሉ ባንድ ላይ ደመርኩና «ማልቀስ ክልክል ነው፣ ዶክተሩ ብሏል» አልኩ። ዶክተሩ አላለም። ከዚህም የባሰውን ልንገራችሁ፣ በውስጤ ያንን ለቅሶ በዚያ ቀን ማየት አልፈለግሁም፣ ፈራሁ፣ ፈርቼ በሕክምና ስም ተናገርኩ። እንዳልኩትም ሆነ፣ አንድም ሰው አልተከራከረኝም።

ብሩክ ለእናቱ «ትሬኒንግ አለብኝ» ብሎ ሄዶ አጎቱን ቀብሮ ተመለሰ። ዕቅዱ እንዲህ ነበር፦ አርባው ቅዳሜ ላይ ይውላል፣ ተዝካሩ ዴንቨር ይወጣል፣ ከዚያ ዘመዶቹ በማታው አውሮፕላን ይመጣሉ፣ እኔ ቅዳሜ ማታ እትዬ አስካለን በደንብ አበላቸዋለሁ፣ በደንብ እንዲተኙ አደርጋለሁ፣ እሁድ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል፣ መርዶው እንደ ደንቡ በዘመድ መሐል ይነገራቸዋል።

የእሁዱ ስልክስ ብትሉ፣ እሱንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። «ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ጠፍቷል፣ ዶክተር እንዳያወሩ ከልክሏቸዋል» አልኳቸው። አሪፍ ውሸት መስሎኝ ነበር። እትዬ አስካለ ግን ትንሽ አሰቡና «እሱ ባይናገር እኔ እናገራለሁ፣ ጆሮው አልታመመ» አሉ። ምን ይደረግ፣ እትዬ ዘነበች እሁድ እሁድ ስልኩን እያነሱ ዝም ይላሉ፣ እትዬ አስካለ ለወንድማቸው ብቻቸውን ያወራሉ። አምስት እሁድ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ድንች እልጣለሁ፣ «ሰማኸኝ አይደል?» ይላሉ፣ ከዚያኛው ወገን ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ከነዚያ እሁዶች በኋላ ድንች ስልጥ እስከ ዛሬ እጄ ይከብደኛል።

አርባው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ሴንት ፖል የዓይን አፖይንትመንት ነበረን። ዶክተሩ በመብራቱ አየ፣ ፊደል አስነበባቸው፣ ፈገግ አለና «አልቋል፣ አሁን እንደ ልጃገረድ ነው የሚያዩት፣ የሚከለከሉት ነገር የለም» አለ። ተረጎምኩላቸው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ግን አልተረጎምኩም፣ እሱን ብተረጉም ኖሮ ምክንያቴ በሙሉ እዚያው ያልቅ ነበር።

ስንወጣ መጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ፖስተር አዩ። ሰኔ ላይም እዚያው ነበር፣ ያኔ ግን እሳቸው አያዩም ነበር። የአንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ኤግዚቢሽን ነው፣ ስሙን ብሞክር ምላሴ አልታዘዝ ስላለኝ ትቼዋለሁ፣ የከተማ መንገድና የወንዝ ዳር መዝናኛ በፀሐይ ውስጥ የሚሥል ሰው። እትዬ አስካለ ፖስተሩ ሥር ቆሙና አልንቀሳቀስ አሉ።

«ይሄ የት ነው?»

«ሥዕል ነው እትዬ። ሚኒያፖሊስ ሙዚየም ውስጥ ያሳያሉ።»

«ውሰጂኝ።»

«ዛሬ?»

«ዓይኔ ተሠራ አላላችሁም እንዴ? ታዲያ ምን ልይበት፣ የብሩክን ካልሲ?»

ቤት ከመግባት ሌላ ቦታ መሄድ ለኔም ተመቸኝ፣ ቤት ስንሆን ዓይን ለዓይን እንተያያለን፣ ሃይዌይ ላይ ግን መንገድ ነው የማየው። ድልድዩን ስናቋርጥ ሚሲሲፒ ላይ ፀሐይ ወድቆ ውሃው ሁሉ ያብረቀርቃል፣ ሁለት ሰዎች ቀይ ታንኳ ይቀዝፋሉ፣ እትዬ አስካለ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው «ለካ ውሃው ሰማያዊ ነው፣ እኔ ቡናማ ነው ብዬ ነበር» አሉ፣ እንደ ልጅ ነበር ያሉት።

የሙዚየሙ ክፍሎች ቀዝቃዛና ጸጥ ያሉ ናቸው፣ መስኮት የላቸውም፣ ይሄን ያዙልኝ፣ አንድም መስኮት የላቸውም። የመጀመሪያው ክፍል የከተማ ሥዕል ነው፣ ሰፊ መንገድ፣ ዛፍ፣ ደጅ ወንበር ዘርግተው የሚጠጡ ሰዎች፣ ባለ ኮፍያ ሴቶች። በቅርብ ሲታይ ፊት የለውም፣ የቀለም ጠብታ ብቻ ነው፣ ራቅ ሲሉ ሰው ይሆናል። እትዬ አስካለ አፍንጫቸው እስኪነካ ተጠግተው አዩና «ይሄ ሰውዬ ሞራ ነበረበት» ብለው ፈረዱ። «ባለፈው ዓመት ዓለም በሙሉ ለኔ እንዲህ ነበረች። እኔም ሠዓሊ ነበርኩ ለካ።» እስኪያመኝ ሳቅሁ።

በአማርኛ ስንሳሳቅ ጥበቃው ሰምቶ መጣ፣ ጋሽ ገመቹ ይባላሉ፣ የወለጋ ሰው ናቸው፣ ስልሳ የሚሆናቸው፣ ቀጥ ያሉ። «እናቴ፣ ትንሽ ወደኋላ ይሁኑ፣ ቀለሙ በትንፋሽ ይጎዳል ይላሉ» አሉ በትሕትና፣ ከዚያ ታጣፊ ወንበር አምጥተው መጨረሻው ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ ሥዕል ፊት አስቀመጡላቸውና ወደ በራቸው ተመለሱ። በክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ብሩክ ይይ ብዬ ከኋላቸው ቆሜ አንድ ፎቶ አነሳሁ።

ሥዕሉ የወንዝ ዳር ነው። እሁድ ይመስላል፣ ሴቶቹ ጃንጥላ ዘርግተው ሣር ላይ ተቀምጠዋል፣ ወንዶቹ ኮታቸውን አውልቀዋል፣ ከሩቅ ድልድይና የከተማው ቤቶች ይታያሉ፣ ውሃው ላይ ፀሐዩ ተሰባብሮ ይንሳፈፋል፣ ከፊት ለፊት ወደ ዳር የተጠጋች አንዲት ጀልባ አለች። ብዙ አየነው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል እንደሚሆነው ሰውነቴ ቀለለኝ፣ ከዚያ እጄን ሞቀኝ። ቀኝ እጄን፣ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ያሳረፍኩትን፣ ልክ በመኪና መስኮት ፀሐይ ሲመታችሁ እንደሚሞቀው። አየሁት፣ ቆዳዬ ላይ ብርሃን አለ። ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ፣ ትንንሽ መብራቶች ናቸው፣ ወደ ሥዕሉ ነው የዞሩት። እትዬ አስካለን ሳያቸው መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ከፀሐይ ጋርደዋል።

ቀጥሎ ድምፅ መጣ። ኳ… ኳ… ኳ… እንጨት በእንጨት ሲነካ፣ ቀስ ብሎ፣ በመሐሉ ደግሞ ውሃ ቸብ ቸብ ይላል። ኤሲው ነው አልኩ። ኤሲ እኮ እርጥብ ሣር አይሸትም።

«ኤልሲዬ፣ ጀልባው ላይ ያለውን ሰው አየሽው?»

አየሁት። ይሄን አልክድም። ጀርባውን ሰጥቶናል፣ የሣር ባርኔጣ አድርጓል፣ የነጭ ሸሚዙን እጅጌ ሰብስቧል፣ ግራ እጁን ውሃው ውስጥ ነክሯል። «አየሁት» አልኩ።

«መኩሪያ ነው።»

በሥራዬ የለመድኩት ነገር ነው፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲል አይከራከሩትም። «አዎ፣ ይመስላሉ» አልኩ።

«ይመስላል አላልኩም። ያንን እጁን ከልጅነቱ ጀምሮ ይነክራል፣ አትንከር፣ እንገለበጣለን ስለው አይሰማም።» ይሄን ካሉ በኋላ ዝም አሉ፣ ዝም ያሉት ግን ስልክ ይዘው ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት ነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ «እህ… እህ… እሱን ነግሬህ የለም እንዴ» እያሉ። እኔ የሚሰማኝ ውሃውና እንጨቱ ብቻ ነበር። በድንገት ፊታቸው በራ፣ በሳቅ ፈነዱ።

«እኔ ነኝ የገለበጥኳት ይላል! ሰማሽው? ስልሳ ዓመት ሙሉ አድክሞኝ ዛሬ አመነ!»

«እትዬ፣ ይበቃናል መሰለኝ፣ ብንሄድስ…»

«ቆይ» አሉኝ፣ እጃቸውን አንስተው። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ፣ አዲሱ ዓይናቸው ጥርት ብሎ፣ በጣም ጥርት ብሎ እያየኝ። «ድምፁ እኮ ደህና ነው። ምን ሆኖ ነው ጠፋ ያልሽኝ?»

የሞቀውን እጄን በቀዝቃዛው ያዝኩት። እሳቸው እንደገና ወደ ሥዕሉ ዞረው «ማን? ይቺ? አዎ፣ እሷ ናት» አሉ፣ አዳመጡ፣ ከዚያ ቃል በቃል፣ መልእክት እንደሚያደርስ ሰው፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ወረቀቱ ላይ ማልቀስ ክልክል ነው አይልም ይልሻል። ወረቀቱን እንደገና አንብቢው ይልሻል። የምን ወረቀት ነው?»

እስቲ አስቡት። ያንን ወረቀት ከኔ በቀር ያነበበው የለም፣ ያልኩትን ውሸት ከኔ በቀር ውሸት መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። እትዬ አስካለ እንግሊዝኛ አያነቡም። ብሩክ አንብቦት ነግሯቸው ይሆን ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ፣ ብሩክ ግን የፍሪጁን በር ከፍቶ ወተት ያወጣል እንጂ በሩ ላይ ያለውን አያይም።

«ደግሞ የሚጠብቀው እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው እየቀጠነ። «ከቅዳሜ በኋላ ጀልባው ይሄዳል፣ እኔን ሳያይ መሄድ አልፈለገም። ኤልሲ፣ ቅዳሜ ምንድን ነው?»

ቅዳሜ ምን እንደሆነ አልነገርናቸውም ነበር። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፣ በዘመድ ነው፣ በትልልቅ ሰዎች ነው፣ እኔ ዘመድ አይደለሁም፣ ጎህም አልነበረም። ግን ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልኩም፣ እመኑኝ፣ ብሞክርም አፌ አይታዘዘኝም ነበር። ፊታቸው ተንበረከክሁና እጃቸውን ያዝኩ።

«አርባቸው ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ጋሽ መኩሪያ አርፈዋል። ዓይንዎ በተሠራ በማግስቱ።»

ጩኸቱን ጠበቅሁ፣ አልመጣም።

«ስልኩን የምታነሳው ዘነበች ነበረች» አሉ በመጨረሻ። «ትንፋሹ የሱ እንዳልሆነ አውቄ ነበር፣ ግን ማወቄን አልፈለግሁትም።» ከዚያ «ዓይኔን ብላችሁ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ ነኝ ያልኩት። ዶክተሩ አላለም። እኔ ነኝ።»

አልሰደቡኝም። አለቀሱ፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ሳያጎነብሱ፣ ዓይናቸውን ሳይነኩ፣ ልክ ወረቀቱ እንዳለው፣ እንባው ብቻ ነበር የሚወርደው። እንዲህ ማልቀስ የሚችሉ ከሆነ ይሄን ሁሉ ቀን ምን ስንጠብቅ ነበር አልኩ ለራሴ፣ ሐዘናቸውን ሰርቄ ደብቄባቸው እንደኖርኩ የገባኝ ያኔ ነው። ጋሽ ገመቹ በሩ ላይ ብቅ አሉ፣ አንድ ጊዜ አይተውን ገባቸው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ» አሉ፣ ግን ዓይናቸው ሌላ ሰው የሚፈልግ ይመስል ክፍሉን ይቃኝ ነበር። ብርሃኑ ከእጄ ላይ መቼ እንደጠፋ አላየሁም። ሥዕሉንም ደግሜ አላየሁትም፣ አንገቴ አልዞር አለኝ።

ከመኪና ማቆሚያው ለብሩክ ደወልኩ። በመቆጣቱ አልፈርድበትም፣ «ምን አደረግሽ? በቀን፣ ሙዚየም ውስጥ? አንቺ ማን ነሽና ነው እናቴን መርዶ የምታረጂያት?» እያለ ጮኸብኝ። እትዬ አስካለ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። «ትኬት ቁረጥ» አሉት። «ወንድሜ እስከ ቅዳሜ ነው የሚጠብቀኝ።» ዓርብ ከሰዓት ተሳፈሩ፣ ቅዳሜ ዴንቨር፣ አርባው ላይ፣ በቦታቸው ተቀምጠው አለቀሱ። እዚያ እንደልባቸው አጎነበሱ አሉ፣ ዓይናቸውም ምንም አልሆነም።

እኔ እሁድ ወደ ሙዚየሙ ብቻዬን ተመለስኩ፣ የኤግዚቢሽኑ መጨረሻ ቀን ነበር። ሥዕሉ እዚያው ነው፣ ጃንጥላዎቹም፣ ድልድዩም፣ ጀልባዋም። ጀልባዋ ባዶ ናት። ጋሽ ገመቹን ጠርቼ «እዚህ ላይ የነበረው ሰውዬስ?» አልኳቸው።

«ጀልባ ላይ? ምንም ሰው የለም እኮ፣ ልጄ። ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ቆሜ አያለሁ።» ትንሽ አመነቱና ጠጋ አሉኝ። «እኔም አንቺን ልጠይቅሽ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሦስት ነበራችሁ አይደል? ያ ያወራ የነበረው ሽማግሌ በየት በር ወጣ?»

«የምን ሽማግሌ?»

«አማርኛ የሚያወራው ነዋ። ሳቅ የሚያበዛው። ድምፁን ሰምቼ ነው የመጣሁት፣ ስገባ ግን እናንተ ብቻ ናችሁ። ሪፖርት ላደርግ ብዬ ተውኩት፣ ምን ብዬ?»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ያነሳሁትን ፎቶ አየሁ። እትዬ አስካለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሥዕሉ ከፊታቸው ነው፣ ጀልባዋ ባዶ ናት፣ ጥላቸው ግን ወለሉ ላይ ረጅም ሆኖ፣ የማታ ፀሐይ ፊት ለፊት እንደመታቸው፣ ወደኔ ወድቋል። ፎቶውን አላጠፋሁትም፣ ደግሜም አልከፈትኩትም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ዕቃ እያጠብኩ እረሳው ነበር። እትዬ አስካለ ከዴንቨር ጥቁር ለብሰው፣ ከስተው፣ ግን ተረጋግተው ተመለሱ፣ ብሩክም ይቅር አለኝ። አንድ ቀን ቀሚሴ ተተርትሮ ሲሰፉልኝ፣ ክሩን በራሳቸው ዓይን መርፌው ውስጥ ከተው፣ ሳያዩኝ «ያን ቀን ላንቺም አንድ ነገር ብሎኛል» አሉ።

«ምን አሉ?»

«አሁን አይደለም።»

«እትዬ፣ ይንገሩኝ እንጂ!»

ቀና ብለው አዩኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ እኔ ራሴ አምስት እሁድ ሙሉ እሳቸውን ያየሁበት ነው፣ እዝነት ነው፣ ፍቅርም አለበት። «ጊዜው ሲደርስ ልጄ» አሉ። «ምሳ በልተሻል?»

ከዚያ ወዲህ ጥሩ ጥሩውን ለኔ ያወጣሉ፣ ሲያጎርሱኝ ትልቁን ይመርጣሉ፣ «ቁጭ በይ፣ ደክሞሻል» ይሉኛል። ስለ ቀሚሴ አንድም ቃል አይናገሩም። እኔ ሌሊቱ ሲነጋጋ እነቃለሁ፣ ደረጃው ላይ ኮቴ አዳምጣለሁ። እናቴ አዳማ ናት፣ እህቴ ስልኩን ይዛላት በየቀኑ እደውላለሁ፣ ትናንትም አናገርኳት፣ ድምፅዋ ደህና ነው። ድምፅዋ ደህና ነው ብዬ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ሰዓት ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ዛሬ ማታ ይሄን እየጻፍኩ ሳለሁ ብሩክ ደወለ።

«ኤልሲ፣ ነገ ጠዋት ሺፍት የለሽም አይደል? ቤት ነሽ?»

«ቤት ነኝ። ምነው?»

«እንዲሁ ነው» አለ። «እማዬ ራትሽን በደንብ ብዪ ብላሻለች።»